ከየት መጣ፣ ምን ያደርጋል

ባለፈው ሰኞ ወልቂጤ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ተሳፋሪ ካርቶኑን ወደ አውቶቡሱ ጣራ ሲያቀብል አመለጠውና ውስጡ የነበረው ጠርሙስ ተሰበረ። ቡናማ ፈሳሽ በመስኮቱ መስታወት ላይ ተንዠቀዠቀ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አርደህ ነው የጫንከው?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሽታው የአዮዲን ነበር። ሻንጣዬን አንስቼ ከሰልፉ ወጣሁ፤ ያን ቀን ሳልሳፈር ቀረሁ።

አዮዲን በግሪኮች ቋንቋ ሐምራዊ ማለት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሲያዩት ቡናማ ነው፤ ሲተን ግን ሐምራዊ ጭስ ይወጣዋል፤ ስሙን ያገኘው ከጭሱ ነው። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ አንድም አስተማሪ አልነገረኝም። የነገሩኝ ጋሽ ዘርጋ ናቸው፤ ቡታጅራ፣ ስድስተኛ ክፍል ልገባ ስል በነበረው ክረምት። ስለዚያ ዓመት ሰው ሲጠይቀኝ «ረስቼዋለሁ» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ጋሽ ዘርጋ ድሬሰር ነበሩ። አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ከፈረንጅ ዶክተሮች ሥር ሃያ ዓመት ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው አገራቸው የገቡ ሰው ናቸው። ለቡታጅራ ያ ይበቃ ስለነበር ሁሉም «ሐኪም» ይላቸዋል። ከገበያው ወደ መስጊዱ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤት ነበረቻቸው። ከፊት መድኃኒት የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ የብረት አልጋ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው መርካቶ ይነግዳሉ። የእኔም አባት መርካቶ ነበር፤ የምናየው ለመስቀል ብቻ ነው።

እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ይብስብኛል።

«ጋሽ ዘርጋ፣ ይቺን ልጅ ሥራ ይስጧት» አለቻቸው። «እግሯ ላይ እሳት አለ፤ ቤቱን ልታፈርስብኝ ነው።»

«ማን ነው ስምሽ?»

«ትብለጥ።»

«ማንበብ ትችያለሽ፣ ትብለጥ?»

«እንዴታ!»

«እንግሊዝኛስ?»

«ፊደሉን እችላለሁ፤ የሚለውን ነው የማላውቀው።»

«የሚለውን እኔ አውቃለሁ» አሉ። «እንግባባለን።»

ያኔ ቀልድ መሰለኝ። ሰውዬው እውነታቸውን ነበር።

ሥራዬ ቀላል ነው። ሲሪንጁን በላምባ ምድጃ ላይ ቀቅላለሁ። ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። መድኃኒቱ ሲሪንጅ ውስጥ ሲገባ መስመሩን አያለሁ፤ «ሁለት ላይ ነው፣ ጋሼ» እላለሁ። ከዚያ ሰው በማይመጣበት ሰዓት ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መዝገበ ቃላቱን እንከፍታለን።

መዝገበ ቃላቱ የሕክምና ነው፤ አንድ ፈረንጅ ዶክተር ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው። ልባዱ የለም። ከፊቱ አይጥ በልታው ከ«ቢ» አጋማሽ ይጀምራል። ስለዚህ እኔና ጋሽ ዘርጋ በ«ኤ» የሚጀምር በሽታ አናውቅም። «በኤ የታመመ ከመጣ አዲስ አበባ እንልከዋለን» ይሉ ነበር፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይነቃነቃል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም።

አንድ ደብተር ነበራቸው። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ መጀመሪያ ቃሉ፣ ቀጥሎ «ከየት መጣ»፣ ቀጥሎ «ምን ያደርጋል»። የድሮዎቹ ገጾች በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ናቸው፤ ፊደሉ እንደ ተፈተለ ጥጥ የቀጠነና የተስተካከለ። ወደ መጨረሻው ግን መስመሩን እየለቀቀ፣ እየተለቀ፣ አንዱ ቃል በሌላው ላይ እየወጣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው።

«ሁለቱን ካላወቅሽ ቃሉን አላወቅሽውም» ይሉኛል። «ከየት እንደመጣ ብቻ የሚያውቅ ለወሬ ነው። ምን እንደሚያደርግ ብቻ የሚያውቅ ደግሞ ለነገ አያስታውሰውም።»

ጡንቻ በእንግሊዝኛ ማስል ነው፤ የመጣው ከላቲን ነው፤ ትንሽ አይጥ ማለት ነው፤ ከቆዳ ሥር ሽው ስትል አይጥ ስለምትመስል። ይህን የሰማሁ ቀን ቤት ሄጄ ክንዴን እያጠፍኩና እየዘረጋሁ ስፈራ አመሸሁ። በማግስቱ ለከድጃ ነገርኳት። ከድጃ ጎረቤታችን ናት፤ የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ሸምሱ ልጅ፤ እኩያዬ። ቀጭን ናት፤ ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግሯ ስትዘል ግን መሬት የምትነካ አትመስልም። ክንዷን አጥፋ አየችውና ጮኸች።

«አውጪልኝ!»

«አይወጣም፣ ሞኝ! ሁሉም ሰው አለው።»

«እናቴም አላት?»

«እናትሽማ ድመት የሚያህል አላት።»

ሳምንቱን ሙሉ የእናቷን ክንድ ስታይ ከረመች።

ካንሰር ደግሞ ሸርጣን ነው። ሸርጣን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ቡታጅራ ውስጥ ማን አይቶት ያውቃል? «ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ብዙ እግር ያለው፣ በጎን የሚሄድ ነገር ነው» አሉኝ። እኔ የታየኝ ከላም ጡት ላይ የምንነቅለው መዥገር ነው፤ ማሰሮ ያህል ሆኖ። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ከጥያ በኩል ጡታቸውን በነጠላ ሸፍነው መጡ። ጋሽ ዘርጋ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ክኒን ሰጧቸው፤ ስለ ልጆቻቸው ጠየቋቸው፤ እስከ በር ሸኟቸው። እኔ ያ ነገር በነጠላው ጎን ሲወጣ እንዳያመልጠኝ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሴትየዋ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ዘርጋ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ።

«ክኒኑ ያድናቸዋል?» አልኩ።

«አያድናቸውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«በሽተኛ በእንግሊዝኛ ፓሺየንት ነው» አሉኝ። «የሚችል ማለት ነው፤ የሚታገስ። የቻሉትን ያህል ችለዋል። እኔ ምን ልጨምርባቸው?»

ፈረንጅኛው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ቀን መሰለኝ። ለመናገር አይደለም፤ ላለመናገር ነው። ልጅ ሆኜ የተረዳሁት እንዲህ ነበር፤ መጥፎ አልተረዳሁም።

በዚያ ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ በመንገዱ ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ አስቆፈረና ሳይሸፍነው ተወው። አንድ ሰው ቢቆምበት እስከ ወገቡ ይውጠዋል። ጋሽ ዘርጋ ከቤት ሲወጡ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋሉ፤ እኔ ደግሞ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቦዩ ጋ ደርሰናል፣ ጋሼ፤ ድልድዩ በቀኝ ነው» እላለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሴቶች «አዪ፣ እንዴት ቢወዷት ነው!» ይላሉ። እኔም ስለሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር። ሻይ ከብርጭቆው ጎን ሲቀዱ፣ የበሩን መቃን በትከሻቸው ሲገጩ፣ «ይህ ክኒን ነጭ ነው ቢጫ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እርጅና ነው እል ነበር።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው የተሰጣቸው ነው። አንድ ቃል ብቻ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ይህን ፈልጊልኝ።»

ፈለግሁ። ግላኮማ ይላል። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ከግሪክ ነው» አሉ። «የባሕር ቀለም ማለት ነው። ምጽዋ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ አይባል፣ አረንጓዴ አይባል፣ ግራጫ አይባል። እንደዚያ ነው። ጻፊው።»

ጻፍኩ። «ምን ያደርጋል?» አልኩ፤ እርሳሴን ሦስተኛው ቦታ ላይ አድርጌ።

«ይበቃል። ዝጊው።»

«ባዶ ሆነ እኮ፣ ጋሼ።»

«ይሁን። ይህ ቃል የእኔና የአንቺ ነው። ለሌላ ሰው አይደለም።»

በዚያ ደብተር ውስጥ ሦስተኛው ቦታ ባዶ የቀረ ሌላ ቃል አልነበረም። እኔ ግን መቀመጥ ብቻ ሳይሆን አለማወቅም የማልችል ልጅ ነኝ። ሌላ ቀን እሳቸው በር ላይ ከሰው ጋር ሲያወሩ ሦስት መስመር ከመዝገበ ቃላቱ ክንዴ ላይ ገለበጥኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ለእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አሳየሁት። ክንዴን ይዞ አነበበና፣ «ዓይንን ከጎን እየበላ ወደ መሃል የሚመጣ በሽታ ነው ይላል። መጀመሪያ ሰው እንደ ሸንበቆ ቀዳዳ ውስጥ ያያል፤ ከዚያ ይጨልማል። የጠፋው አይመለስም» አለኝ። «ማን ታሞ ነው?»

«ማንም። ቃል ነው» አልኩት።

ክንዴን በምራቄ አጠብኩት። ለእናቴ አልነገርኩም። ለከድጃ እንኳን አልነገርኩም። ለጋሽ ዘርጋ አዝኜ ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከተማው ሁሉ የሚሰግድለት ሰው፣ ያለ እኔ ጠርሙስ ከጠርሙስ መለየት አይችልም። ያ ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱ ቢዘጋ ወዴት ልሄድ ነው? ወደ እናቴ ድንች ልላጥ?

ጥቅምት ሲገባ በርበሬ ቀላ። አቶ ሸምሱ በርበሬ ሊገዙ ቆሼ ሲወርዱ ከድጃን ይዘዋት ሄዱ፤ እዚያ አክስት አለቻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእንሴኖ በኩል በመጣ የጭነት መኪና፣ በርበሬ ጆንያ ላይ ተኝታ፣ በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላ ተመለሰች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አዋቂነቴን ጀመርኩ።

«ማላሪያ ነው የያዘሽ። ከጣልያን የመጣ ቃል ነው፤ መጥፎ አየር ማለት ነው።»

«ታዲያ የቆሼን አየር እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የተነፈስኩት?» አለችኝ እየተንቀጠቀጠች። «አባቴ ይኸው ቁጭ ብሎ ይበላል።»

እናቷ ክኒን ሰጧት፤ አስመለሳት። ደግመው ሰጧት፤ አስመለሳት። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቷ አዝለው ጋሽ ዘርጋ ቤት አስገቧት። ጋሽ ዘርጋ ግንባሯን ዳስሰው «የሚያስፈልጋት የኪኒን መርፌ ነው፤ የወባው» አሉ።

ስለ መርፌ ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። መቀመጫ ላይ በሐሳብሽ መስቀል ታሰምሪያለሽ፤ አራት ክፍል ይሆናል። የሚወጋው ላይኛው የውጪ ክፍል ብቻ ነው። በሌሎቹ ውስጥ ነርቭ ያልፋል። «ነርቭ በላቲን የቀስት ጅማት ማለት ነው» ብለውኛል። «ከዳሌ ተነስቶ እስከ እግር ጣት ይወርዳል፤ የአመልካች ጣትሽን ያህል ይወፍራል። እሱን የነካ መርፌ ቀስቱን አላላው ማለት ነው።»

ከድጃ በሆዷ ተኛች። እናቷ እትዬ ዘይነባ ሁለቱን እጆቿን ያዙ። አቶ ሸምሱ አባት ስለሆኑ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሙ፤ መጋረጃውም ስለተዘጋ ብርሃኑ አነሰ። እኔ ሲሪንጁን አየሁ፤ «ሁለት ላይ ነው» አልኩ። ጋሽ ዘርጋ በግራ እጃቸው የዳሌዋን አጥንት ፈለጉ። ቀሚሷ ከወገቧ ላይ ተጠቅልሎ ስለነበር እጃቸው አጥንቱ ላይ ሳይሆን ጥቅሉ ላይ አረፈ። ከጥቅሉ ተነስተው ለኩ። መርፌው ሲወርድ አየሁት። ወደ መሃል ነበር። ወደ ታች ነበር።

አፌን ከፍቻለሁ። ይህን አስታውሳለሁ፤ የአዮዲኑ ሽታ ምላሴ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ ከፍቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ወደ ውጪ» ለማለት ሦስት ቃል ነው። ግን አባቷ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመዋል፤ እናቷ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ያን ካልኩ ሁሉም ያውቃል። ሃያ ዓመት ወግተዋል፣ እጃቸው ያውቃል አልኩ በልቤ። አፌን ዘጋሁ።

ከድጃ የጮኸችው መርፌ እንደሚወጋ ልጅ አልነበረም። እግሯ እንደ ተረገጠ ፌንጣ ተወራጨና ወደቀ። እትዬ ዘይነባ «አለቀ የኔ እናት፣ አለቀ፣ አለቀ» ይላሉ። ጋሽ ዘርጋ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው ከፊቴ ትንሽ ወደ ጎን ነበር የሚያየው።

«ቦታው ልክ ነበር?» አሉኝ በጆሮዬ።

«ልክ ነበር» አልኳቸው።

ትኩሳቱ በረደ። አቶ ሸምሱ አንድ ቁና በርበሬ ለምስጋና አመጡ። ከድጃ ግን ከአልጋ ስትነሳ የቀኝ እግሯ የፊቱ ክፍል አልነሳ አለ። ጣቶቿ መሬት ይስማሉ፤ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ እግሯን እንደ ባዶ ጫማ ትወረውረዋለች፤ ጠፍ ይላል። ብርድ ነው ተባለ፤ በቅቤ አሹት። ጅን ነው ተባለ፤ ሼሁ ቁርአን ቀሩባት። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ከቤታችን ሆኜ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሰው «የመርፌ ነው፤ ሐኪሙ እኮ አያዩም ይባላል» አለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ማታውን ሁሉም ቤት ገብቶ ነበር።

ኅዳር ላይ ሽማግሎች ተቀመጡ። ከገበያው ጀርባ ካለው ዝግባ ሥር አምስት ናቸው፤ ሦስቱ እስላም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። ከመካከላቸው ሀጂ ነስሩ ትልቁ ናቸው። ዱዓ ተደረገ፤ ከዚያ አቶ ሸምሱ ተነሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እኔ ከሐኪም ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። «ልጄን ከወባ አትርፈውልኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓይናቸው ያያል? እያዩ የሆነ ከሆነ ከአላህ ነው፤ እቀበላለሁ፤ እጃቸውን እስማለሁ። እንደማያዩ እያወቁ ልጄ ሥጋ ላይ መርፌ ሰክተው ከሆነ ግን ያ ቤት ይዘጋ። የሌላ ሰው ልጅ አይጨመር።»

«ሐኪም፣ ምን ትላለህ?» አሉ ሀጂ ነስሩ።

ጋሽ ዘርጋ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ነበሩ። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ልጅቷን ጠይቋት» አሉ። «ለእያንዳንዱ መርፌ አጠገቤ ነበረች። እሷ ያለችውን እቀበላለሁ።»

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወደ ፊት ገፋችኝ። እግሬ ላይ ያለው እሳት ያን ቀን የት እንደገባ አላውቅም።

«ነይ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉ ሀጂ ነስሩ። «ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አትቆምም ነበር፤ አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ ብለናል። የሐኪም ዓይን እንዴት ነው?»

«ግላኮማ ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ግላኮማ። የሐኪሞች ቃል ነው።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

ሁለቱንም አውቅ ነበር። ደብተሩ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል፤ አንዱ የተሞላ፣ አንዱ ባዶ።

«በግሪክ ቋንቋ የባሕር ቀለም ማለት ነው» አልኩ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። ዳር የተቀመጡት አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ባሕር ያየ ዓይን ነው ማለቷ ነው። ምጽዋ ነበርኩ ይለን የለ? የሩቁን ያየ የቅርቡን ያጣል እንዴ?» አሉ። ሌላው «ማሻአላህ፣ እንዴት ትናገረዋለች!» አሉ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ እናቴ ቀና አለች።

«እኔ የጠየቅሁት ቀለሙን አይደለም—» አሉ አቶ ሸምሱ።

«ሸምሱ!» አሉ ሀጂ ነስሩ። «ጠየቅን፤ መለሰች። ልጅ አታስጨንቅ። ከአላህ ነው በል።»

አቶ ሸምሱ መሬቱን አዩ። «ከአላህ ነው» አሉ። ሄደው የጋሽ ዘርጋን እጅ ሳሙ። እንደገና ዱዓ ተደረገ፤ አለቀ።

ሰዉ መበተን ሲጀምር እንደ ልማዴ ሄጄ ትከሻዬን እጃቸው ሥር አደረግሁ። እጃቸውን አነሱት።

«ተይኝ፣ ትብለጥ» አሉኝ።

ባርኔጣቸውን አደረጉና ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ብቻቸውን ጀመሩ። ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ረጅም ሰው ናቸው፤ ከኋላ ሲታዩ ወታደር ይመስላሉ። ድልድዩ ወደ ቀኝ ነው። እሳቸው ወደ ቀኝ አላሉም። ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ቦዩ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰምተዋል። የተበተነው ሰው እንኳን ሰምቶ ዞሯል። አልቆሙም። ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ሦስተኛው ላይ መሬቱ አልነበረም።

መጀመሪያ የደረሱት አቶ ሸምሱ ናቸው። ዘለው ቦዩ ውስጥ ገቡ፤ ከጭቃው ውስጥ በብብታቸው ይዘው አነሷቸው፤ ዳር ላይ አስቀመጧቸው። ባርኔጣው ውሃው ላይ ቀረ። ሰዉ ዙሪያውን ከበበ። አቶ ሸምሱ እጃቸውን ከጋሽ ዘርጋ ፊት በጎን በኩል አምጥተው አወዛወዙ።

«ሐኪም፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

አቶ ሸምሱ እጃቸውን አወረዱ።

«ከጎን የሚመጣ ነገር አይታየኝም፣ ሸምሱ» አሉ ጋሽ ዘርጋ። «ከአምና ጀምሮ ነው። አውቃለሁ። ወረቀት አለኝ።»

አቶ ሸምሱ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ክንዴን ይዛ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። ዱላውን ጠበቅሁ። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ድንቹን ሰጠችኝ፤ ላጥኩ።

ቤቱ ተዘጋ። ልጆቻቸው ከመርካቶ መጥተው እስኪወስዷቸው ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደብተሩ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ያቺን ባዶ ቦታ ሙያት» አሉኝ።

«ያሳውራል» ብዬ ጻፍኩ።

«አንብቢው።»

«ያሳውራል።»

«ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት። ሽማግሎቹ ፊት ለምን «ልጅቷን ጠይቋት» እንዳሉ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ እንድናገር ነው ወይስ እንድደብቅ? አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሌላ ነው።

«የከድጃ እግር ይመለሳል?»

«ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው» አሉ። «አንዳንዱ ይመለሳል። እስከ ሚያዝያ ካልተመለሰ አይመለስም።»

ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ልጆቻቸው በታክሲ መጥተው ወሰዷቸው፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሚያዝያ አለፈ።

ግንቦት ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ግቢያቸው ፊት ለፊት መሬቱ ለስልሶ ነበር። ከድጃ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ በእንጨት የሰኞ ማክሰኞ ቤቶችን ትሥላለች። ከኅዳር ጀምሮ አላነጋገረችኝም፤ እኔም ደፍሬ አልሄድኩም። ያን ቀን ሄድኩ። አጠገቧ ቆምኩ። እንደ ልማዴ በቃል ጀመርኩ።

«የእግርሽ ነገር የነርቭ ነው» አልኳት። «ነርቭ ከላቲን ነው የመጣው። የቀስት ጅማት—»

«ከየት እንደመጣማ እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። እንጨቱን አላቆመችም። «ጋሽ ዘርጋ ነግረውሽ ይሆናል። ይመለሳል ወይ?»

አንድም የፈረንጅ ቃል አልመጣልኝም።

«አይመለስም» አልኳት።

የመጨረሻውን ቤት ሥላ ጨረሰች። ጠጠር አነሳችና ተቀምጣ እንዳለች ወረወረችው፤ ሦስተኛው ቤት ውስጥ በትክክል አረፈ። ድሮም አትስትም።

«በይ» አለችኝ። «የእኔን ዝለይልኝ።»

ጫማዬን አወለቅሁ። ግራ እግሬን አጠፍኩና በቀኜ ዘለልኩ። እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእግሬ ላይ አላነሳችም።